በእርሳስ

እኔ ፌራዮ ነኝ፤ ስለ ዛፍ የማውቀው ጣውላና አጣና፤
ቱሉ ዲምቱ ነው ቤቴ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት ሳይገባ ገና።
ክረምቱ ምድሩን አቡክቶ፣ ዋልካው ከእግር ጫማ ሲነጥቅ፣
ጋሽ ተስፋልደት ካርቶን ይዞ መጣ፤ "አግዘኝ፣ ግን እንዳይወድቅ።"
ብርጭቆ መስሎኝ በደረቴ አቅፌ
ደረጃውን ወጣሁት፣ ሦስቴ አርፌ።

ሲከፍተው ጋዜጣ። በጋዜጣው መሃል የደረቀ ቅጠል፤
ከምጽዋ ማዶ፣ ከሕርጊጎ ዳር፣ ጎረምሳ ሳለ
እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገብቶ የቆረጠው።
ዕፅዋት የሚያደርቅበት መሥሪያ ቤት ሲታደስ
"አሮጌ ነው" ብለው
ከጓሮ ሊያነዱት ሲሉ፣ እሱ ነው ያስጣለው።

"ይኼ ማንግሮቭ ነው" አለኝ፤ "ባሕርና የብስ
ድንበር ሲካሰሱ መሃል ገብቶ የሚቆም።
ሥሩ ቁልቁል ብቻ አይሄድም፤
ጭቃው አየር ሲነፍገው፣ ሽቅብ ይሾላል እንደ እርሳስ፣
ውኃው ሲሸሽ ጠብቆ በሺህ ጫፍ ሊተነፍስ።"

በመስኮት አየሁ።
ከብሎካችን ማዶ ገንዘብ ያለቀበት ሕንፃ፣
እኔው ያሰርኩት ፌሮ፣ ባለ ዐሥራ ስድስቱ፣
ከዝናቡ ኩሬ ሽቅብ ቆሞ፣ ዝጎ፣ ደርቆ።
ለጋሽ ተስፋልደት አልነገርኩትም።

በቅጠሉ ግርጌ፣ መለያ በመለያ ላይ ተለጥፏል፣
እንደ ተጣፈ ሱሪ።
የመጀመሪያው፦ ከየወፍ ቆሎ ቤተሰብ።
ሁለተኛው፦ የለም፣ ራሱን የቻለ ቤት ነው፣ ለብቻው ይመዝገብ።
ሦስተኛው፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በሰማያዊ ቀለም፦
የሰንሰል ወገን ነው፤ ከእንግዲህ ክርክር የለም።

"ሰንሰል? ይቺ የአጥሩ? ፍየል እንኳ የናቃት?"
"እሷው። አበባቸውን ሰንጥቀው፣ የደማቸውን ፊደል ቆጥረው፣
ያንድ አያት ልጆች ናቸው አሉ። ምን ታደርጋቸው።"

"ታዲያ ያኛውስ?" አልኩት፤ ሌላ ገጽ ገልጬ፣
በምርኩዝ እግር የቆመውን፣
ዘሩን እንዲሁ የማይጥለውን፣
ከቅርንጫፉ ላይ አብቅሎ፣ እንደ ጦር አሹሎ፣
"በል ሂድ" ብሎ ወደ ጭቃው የሚለቀውን።
"አንድ ጭቃ ውስጥ ነው ያሉት፤ ወንድሙ ነዋ?"

"አይደለም። እሱ ለጉሎ፣ ለቁልቋል ነው የሚቀርበው።
ማንግሮቭ የሚባል ዘር የለም፣ ልጄ፤
ማንግሮቭ አድራሻ ነው።"

አድራሻ።
ከታች ዘርትሁን አለች፣ መሃል ከተማ ቤቷ ፈርሶ የመጣች፤
ከላይ ላሊሶ፣ ሌሊት ጥበቃ፣ ቀን እንቅልፍ፤
በክረምት በጋራ ድንጋይ ደርድረን፣ አጣና አጋድመን፣
እንደ ቆቅ እየዘለልን፣ አስፋልት የምንደርስ።
ሥር ካልነው።

በሳምንቱ መዝጋቢ መጣች፣ ፎርም ታቅፋ፣ ጭቃ ረግጣ።
ስም? ተናገረ። የትውልድ ቦታ? ምጽዋ።
"ይሄኛውስ?" አለች፤ ጣቷ ዓምዱ ላይ ቆመ።
ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ዝም አለ፣
ዝም ብሎ ከረመ።
"እስክሪብቶሽን አስቀምጪ፤ በእርሳስ ጻፊው።
አንድ የማውቀው ዛፍ አለ፣ ሦስቴ ስሙን ያስለወጡት፣
እሱ ግን እዚያው ነው።"
"አባቴ፣ ፎርሙ እርሳስ አይቀበልም" አለች፣ ትሕትና ባልጎደለው ድምፅ፤
ክፍቱን ትታው ሄደች። ምን እንደሞላችበት አላውቅም።

ያን ቀን ማታ መብራት የለም።
"ጨዉን በቅጠሉ ነው የሚያልበው" አለኝ፤
"ፀሐይ ሲመታው ጀርባው ላይ ይጋገራል፣ እንደ አመዳይ።
ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ቅመሰው፣ ካለ እንይ።"

ከጣቴ ዝገቱን በሱሪዬ ጠራረግኩ፣
ግራጫውን ገልብጬ፣ በምላሴ ጫፍ ነካሁ።
መጀመሪያ አቧራ። ቀጥሎ ጋዜጣ።
ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ አንዲት ጨው መጣች፤
የባሕሩ ትሁን፣
ወይ ቀኑን ሙሉ ፌሮ ሳጥፍ ከላቤ የቀረች፣
አልለየኋትም።